አገር አልሰጠሁህም እኮ!

ሐሙስ ምሳ ሰዓት፣ ሜክሲኮ፣ ከቢሯችን ስር ያለችው ቤት ሽሮ አዘን እየጠበቅን ነው። አጠገቤ ላለችው ልጅ ማታ ማታ ስለምጫወተው ጌም እያወራኋት ነበር፣ ባትማን አርካም ናይት፣ ጭንብል ያደረገ አንድ ሰውዬ አለ፣ ማን እንደሆነ ገና አልታወቀም፣ እኔ ግን የጠረጠርኩት ሰው አለ ምናምን እያልኩ፣ እሷም ጌም ተጫውታ ባታውቅም ተመስጣ «እሺ ከዛስ?» እያለችኝ፣ ከማዶ የተቀመጠው ልጅ ከስልኩ ላይ ቀና እንኳን ሳይል «እሱማ እገሌ ነው እኮ» አለ።

በቃ። ስሙን ጠራው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሄድ ስመጣ በጭንቅላቴ ሳገላብጠው የነበረውን ነገር በአንድ አፍ ጨረሰው። ሽሮው ሲመጣ ሁለት ጉርሻ በልቼ ተነሳሁ። (እኔ ስሙን እዚህ አልጽፈውም፣ ከናንተ መሀል ገና ያልጨረሰ ይኖራል።)

ያናደደኝ ደግሞ ከዛ በኋላ ያለው ነው። ይቅርታ ይላል ብዬ ስጠብቅ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ «ያረጀ ጌም እኮ ነው፣ በ2015 የወጣ፣ እስካሁን ካላወቅክ ጥፋቱ ያንተ ነው»።

አዎ በፈረንጆቹ ሰኔ 2015 ነው የወጣው። በኛ ሰኔ 2007። ያኔ እኔ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈታኝ ነበርኩ ወንድሜ! ፒኤስ ፎር በአይኔ ያየሁት ከዛ በኋላ ዶሮ ማነቂያ በነበረችው ጌም ቤት ነው፣ እሷም ቤት ፊፋ ብቻ ነው የሚከፈተው፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ የአንዱ አናሎግ የላላ፣ ከኋላህ አስር ልጅ ቆሞ ተራ ይጠብቃል። እዛ ቁጭ ብለህ ታሪክ ያለው ጌም ልጫወት ብትል ማን ይታገስሃል? ሂሳቡም በሰዓት ነው፣ ሰዎቹ እያወሩ ያለፈችው እያንዳንዷ ደቂቃ ካንተ ኪስ ነው። አሁን ሰፈሩም የለም፣ ፈርሷል፣ አብረውኝ ይጫወቱ የነበሩት ልጆችም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። የራሴን ፒኤስ ፎር የገዛሁት ዘንድሮ ዕቁብ ሲወጣልኝ ነው፣ ያገለገለ፣ ከስታዲየም እስከ አራት ኪሎ በጥቁር ፌስታል ጭኔ ላይ አቅፌው ነው በታክሲ የመጣሁት። ለኔ ጌሙ የወጣው ዘንድሮ ነው። እዚህ አገር ስንቱ ነገር ነው በወጣበት ቀን እጃችን የሚገባው? ዘግይቶ የደረሰው ሰው መገረም አይፈቀድለትም ማለት ነው?

ጌሙን ለማታውቁት ትንሽ ልንገራችሁ፣ ካልነገርኳችሁ ብሶቴ አይገባችሁም። ሲጀምር መጀመሪያ የምትጫናት በተን የጆከርን ሬሳ የምታቃጥልባት ናት። የባትማን ቀንደኛ ጠላት ነው፣ ከዚህ በፊት በፈረንጆቹ 2011 በወጣው የባትማን ጌም መጨረሻ ላይ ሞቷል፣ እሳቱን የምትለኩሰው አንተ ነህ፣ ሲቃጠልም ታየዋለህ። ከዛ በሃሎዊን ሌሊት ስኬርክሮው የሚባለው ወንበዴ አዲስ የፍርሃት መርዝ እለቅባችኋለሁ ብሎ ሲዝት ከተማው በሙሉ ይወጣል፣ ባዶ መንገድ ላይ ወንበዴና ባትማን ብቻ ይቀራሉ። እዛ መሀል ነው ሰውዬው የሚመጣው። ጭንብሉ እንደ ባትማን ጆሮ አለው፣ ደረቱ ላይ ኤ የምትል ፊደል፣ ድምፁ በማሽን የተቀየረ፣ ከኋላው ወታደርና ሰው የሌለበት ታንክ። እና ሰውዬው ባትማንን ያውቀዋል! በየት እንደሚገባ፣ የት ላይ እንደሚንጠለጠል ቀድሞ ለወታደሮቹ ይነግራቸዋል። ንግግሩ ውስጥ ያለው ጥላቻ የጠላት ጥላቻ አይደለም፣ ቤት ውስጥ አብሮህ በልቶ የተከፋ ሰው ነው እንደዛ የሚናገረው። ይሄን ያስተዋልኩ ቀን ጌሙን ፖዝ አድርጌ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ከዛ ሌሊት ጀምሮ ቤታችን ሌላ ወሬ የለም። ታናሽ ወንድሜ ሰባተኛ ክፍል ነው፣ እንግሊዝኛው ሲፈጥንበት ከስር የሚጻፈውን እኔ እየተረጎምኩለት አብረን ነው የምንጫወተው። እሱ ጆከር ነው ብሎ ድርቅ አለ። «ሲቃጠል አይተነዋል እኮ» ስለው «አስከሬኑ የሌላ ሰው ቢሆንስ?» ይለኛል። ለሚ ኩራ የገባው የድሮ ጓደኛዬ ደግሞ ጌሙን አልያዘውም፣ ግን በቴሌግራም ቮይስ በላዬ ላይ ይልክብኛል፣ የሱ ሰው ጄሰን ቶድ ነው፣ ሁለተኛው ሮቢን፣ የባትማን ረዳት የነበረ ልጅ። ታሪኩን ስሙት፣ በኮሚኩ፣ በሥዕል መጽሔቱ ማለት ነው፣ በፈረንጆቹ 1988 ጆከር ልጁን ፈንጂ ውስጥ ትቶት ይሄዳል፣ ከዛ አሳታሚዎቹ አንባቢው ደውሎ ይወስን አሉ፣ ይኑር ወይስ ይሙት፣ ለአንድ ጥሪ የአሜሪካ 50 ሳንቲም። ይሙት 5,343፣ ይኑር 5,271። በ72 ድምፅ ሞተ። ጓደኛዬ በቮይስ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ «72 ሰው ነው የገደለው፣ እንደዚህ የተገደለ ልጅ ቂም አይዝም ወይ?» ሲል ሰውነቴን ወረረኝ። ግን አልተሸነፍኩም፣ ሰሪዎቹ ጌሙ ሳይወጣ በፊት በ2014 አዲስ ገጸ ባህሪ ነው ብለው አስተዋውቀውት ነበር፣ ያለፉት ጌሞችም ጄሰንን ቁም ነገር ብለው አላነሱትም፣ አሁን ከየት ይመጣል አልኩት።

የኔ ሰው ሀሽ ነበር። ቶማስ ኤሊየት። በ2011ዱ ጌም ላይ የሰው ፊት እየቆረጠ የራሱን ፊት እንደ ብሩስ ዌይን (የባትማን እውነተኛ ስሙ ነው) የሰፋው ዶክተር፣ የብሩስ የልጅነት ጓደኛ፣ አምልጦ የጠፋ። አብሮ አደግ፣ ቅናት፣ ጭንብል፣ ሁሉም ገጠመልኝ። ደግሞ የጭንብሉን ሰውዬ ድምፅ የሰራው ትሮይ ቤከር ነው ሲባል አጣራሁ፣ ይሄው ተዋናይ በ2011ዱ ሮቢንንም ቱ ፌስ የሚባለውን ወንበዴም፣ በ2013ቱ ደግሞ ጆከርን ሰርቷል፣ ስለዚህ ከድምፁ ተነስቼ አንዱን ልለይ ብል ሁሉም ተጠርጣሪ ሆኖ አረፈው። (የባትማንን ድምፅ የሰራው ኬቨን ኮንሮይ በ2022 አርፏል። በየማታው ያንን ድምፅ እየሰማሁ ሰውዬው የለም ማለት ከብዶኛል፣ ነፍሱን ይማር።)

ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አስበዋለሁ። መብራት ሲጠፋ በሻማ ከወንድሜ ጋር እንከራከራለን፣ እናታችን «እናንተ ልጆች ማን ነው የሞተባችሁ?» ትለናለች። ከጌሙ ይልቅ ይሄ ነው የጣመኝ። አለማወቁ! መልሱ አንዴ ከታወቀ በኋላ መቼም ተመልሰህ አላወቅክም ልትሆን አትችልም፣ ያቺን ጊዜ አንዴ ነው የምታገኛት፣ እሷን ነው ያ ልጅ ሽሮ እየጠበቀ የቀማኝ።

ልጅ ሆነን አያቴ ጋ እንዴት ነበር የምንጫወተው? እንቆቅልህ! ምን አውቅልህ! መልሱ ሲጠፋህ ዝም ብሎ አይነገርህም፣ «አገር ስጠኝ» ትባላለህ። ጎንደርን ሰጠሁሽ ትላለህ፣ አልፈልግም ትልሃለች፣ ሐረርን፣ እሱንም አልፈልግም፣ የምትወደው አገር እስኪመጣ ትለምናለህ፣ ከዛ እዛ አገር ገብቼ ምን አጥቼ ብላ አወድሳ ስትጨርስ ነው መልሱ የሚመጣው። መልስ ዋጋ አለው ማለት ነው። ለማኝ ሳይኖር፣ ሰጪ ሳይኖር፣ እንዲሁ በመንገድ የሚበተን አይደለም። እኔ ተሸንፌያለሁ አላልኩም። አገር አልሰጠሁም። ማን ጠየቀህ? ጌሙ ውስጥ ያለው ሪድለር እንኳን፣ ወንበዴው፣ ከተማው ላይ 243 ፈተና በትኖ ፈልገህ አግኝ ነው የሚልህ እንጂ መልሱን ጆሮህ ላይ አይጮህብህም።

እና ይሄ የዛ ልጅ ብቻ ጸባይ ቢሆን ባልጻፍኩ። ቲክቶክ ስትከፍት ኮመንት ላይ መጨረሻውን የሚጽፍ አለ፣ ዩቲዩብ ላይ ገና ቪዲዮውን ሳትጫነው ፎቶው ላይ የሰውዬውን ፊት የሚለጥፍ አለ፣ ሚኒባስ ውስጥ በስልክ ጮክ ብሎ የተከታታይ ድራማውን መጨረሻ ለሰው የሚተርክ አለ። ማወቅህን ለማሳየት የግድ የሌላውን ደስታ ማፍረስ አለብህ? «እስቲ ማን ይመስልሃል?» ብለህ ብትጠይቀኝ እኮ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብለን እናወራ ነበር፣ አንተ እያወቅክ እኔ ስገምት ማየት ራሱ ደስ ይል ነበር!

ለወንድሜ አልነገርኩትም። ቅዳሜ ሌሊት እዛች ቦታ ደረስን፣ ጆይስቲኩን ሰጠሁት፣ አንተ ያዝ አልኩት። ሰውዬው እጁን ወደ ጭንብሉ ሲያነሳ እኔ ቲቪውን አላየሁም፣ ወንድሜን ነው ያየሁት። አፉ ተከፈተ፣ ጋቢው ከትከሻው ወደቀ፣ «አይ! አይ! አይ!» እያለ ተነስቶ ቆመ፣ እናታችን ከጓዳ ምን ሆናችሁ ብላ መጣች። ከዛ ጆይስቲኩን እንደያዘ ወደ እኔ ዞሮ «አንተ አውቀህ ነበር?» አለኝ።

አላወቅኩም አልኩት። ታናሼን ዋሸሁት።