«በ20 ደቂቃ የሚደርስ ራት» ለማን ነው የሚደርሰው?

እነዚህ «በ20 ደቂቃ የሚደርስ ራት» እያሉ ቪዲዮ የሚለቁ ሰዎች ሽንኩርቱን ማን ነው የሚልጥላቸው? እውነቴን ነው፣ ማወቅ እፈልጋለሁ። ቪዲዮው ሲጀምር ሁሉም ነገር ታጥቦ፣ ተከትፎ፣ በትንንሽ ሳህን ተደርድሯል። ሴትዮዋ የቀራት ፈገግ ብሎ ድስቱ ውስጥ መገልበጥ ነው። እንደዚያማ ከሆነ እኔስ መች አቃተኝ!

ደግሞ «ሽንኩርቱ ቡናማ እስኪሆን 5 ደቂቃ አቁላሉት» ይላሉ። በ5 ደቂቃ? ሽንኩርት እኮ አብዛኛው ውሃ ነው። ውሃው ተንኖ ካላለቀ ቡናማ አይሆንም። በደንብ እንዲበስልና እንዲጣፍጥ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ቀስ እያሉ ማቁላላት ነው። እሳቱን ጨምሬ ላፍጥነው ካሉ ግማሹ ያርራል፣ ግማሹ ጥሬ ይቀራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ትንሿ ቀሚሴን እየጎተተች፣ ትልቁ ደብተሩን ምድጃው አጠገብ ዘርግቶ «እማዬ፣ ሰባት ሲባዛ በስምንት ስንት ነው?» እያለኝ ነው። (56 ነው። ደብተሩን ከእሳቱ አርቀው!)

ግን እኔን ያንገበገበኝ ማብሰሉ አይደለም። ማሰቡ ነው። «ዛሬ ምን እንብላ?» የምትለው ነገር ገና ከአልጋ ሳልወርድ ትጀምረኛለች። ስብሰባ ላይ አለቃዬ ስለ እቅድ ሲያወራ፣ እኔ ሥጋው ከፍሪዘር ወርዷል ወይ እያልኩ ነው። የቀዘቀዘ ሥጋ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ጥለውት አይሄዱም። ውስጡ በረዶ እንደሆነ ላዩ ይሞቅና ባክቴሪያ ይራባበታል። ከዋዜማው ወደ ፍሪጁ ማውረድ ነው። አለዚያ ላስቲክ ውስጥ አስሮ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ውሃውንም በየ30 ደቂቃው መቀየር። ባቄላም ቢሆን ሳይዘፈዘፍ ካደረ ማታ ጉድ ነው። የዛሬ ራት የሚጀምረው ትናንት ነው ማለት ነው። ይቺን ከ20 ደቂቃው ውስጥ ማን ቆጠረልኝ?

ባለቤቴ «ምን ላግዝሽ?» ይለኛል። ክፋት የለውም፣ ደግ ሰው ነው። ግን ምን እንደሚያግዘኝ ማሰቡም የኔው ሥራ ሆነ እኮ! ካሮቱን ክተፍልኝ ስለው «በክብ ነው በረጅሙ?» ይላል። ቀጥሎ «የቱ ቢላዋ?» ቀጥሎ «የት ላድርገው?» ምን አለፋኝ፣ ራሴ ከትፌ እገላገላለሁ።

«እሁድ የሳምንቱን አብስለሽ አስቀምጪ» የሚሉኝም አሉ። እሁድ! ያለችኝን አንዲት ቀን! እሺ ይሁን፣ አበሰልኩ እንበል። የበሰለ ምግብ ፍሪጅ ውስጥ የሚቆየው ከ3 እስከ 4 ቀን ነው። ለአርብ አይደርስም። ቀሪው ፍሪዘር ይግባ ካላችሁ ደግሞ ማን ያውርደው? ያው እኔ!

የተረፈ ሩዝማ አይነሳብኝ። ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ ከቆየ ባክቴሪያው መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፣ መርዙ ደግሞ መልሰው ቢያሞቁትም አይጠፋም። ስለዚህ ሁሉም በልቶ ሲዘረጋ እኔ ቆሜ ሩዝ በሰፋፊ ዕቃ እያሳሳሁ አቀዘቅዛለሁ።

ይህን ሁሉ አልፌ ሳህኑን ሳቀርብ «ይሄ አረንጓዴው ምንድነው?» ይለኛል ትልቁ። ባለፈው ሳምንት ጨምሩልኝ ያለበት ምግብ እኮ ነው! አንድ ልጅ አዲስ ምግብ እስኪለምድ 10 ጊዜም ከዚያ በላይም ማቅረብ ያስፈልግ ይሆናል ይላሉ ባለሙያዎቹ። ጥሩ፣ አምናለሁ። 10 ጊዜ የምታበስለዋ እናትስ ምን ትሁን? ስለሷ ያለው ነገር የለም።

አሁን «ቀለል ያለ ነገር ሥሪ» ልትሉኝ የተዘጋጃችሁ፣ ምን እንደሆነ ከታች ጻፉልኝ። ሁለቱም ልጆች የሚበሉት ይሁን። ፓስታ እንዳትሉኝ ብቻ፣ ትናንትም እሱኑ ነው የበላነው።