እምቢ ካለች እምቢ ብላለች

አማርኛችን «እምቢ» የሚለውን ቃል ያከብረዋል። ፎካሪ ደረቱን ነፍቶ «እምቢ! አሻፈረኝ!» ሲል ቤቱ በእልልታ ይቀልጣል። መኪናም ጠዋት እምቢ ይላል፣ እንቅልፍም እምቢ ይላል። ትርጉሙ ለማንም አይጠፋም።

ማዕድ ላይ ግን ሌላ ወግ አለ። እንግዳው «ጠግቤያለሁ» ይላል። የቤቱ እመቤት «በሞቴ!» ትላለች። «ኧረ በቃኝ።» «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!» ጉርሻው አፉ ጋ ደርሷል፤ ይጎርሳል። ይህ መግደርደር ነው። ገና «ብላ» ሲባል እጁን የሚሰድ እንግዳ ስግብግብ ይባላል። ወጉን እወደዋለሁ። ከማዕዱ ግን አይውጣ።

ወጥቶ ሴት ልጅ ላይ ሲደርስ ጉዳት ያመጣል። ልጅቷ «አልፈልግህም» ትላለች። «እየተግደረደረች ነው፣ ልቧ ፈቅዷል» ይባላል። ዝም ስትል ደግሞ ዝምታዋ እንደ እሺታ ይቆጠራል። ታዲያ በምን ቋንቋ ትናገር? ድምጿን ከፍ ካደረገች «እምቢተኛ» ትባላለች። ወንዱን ያስወደሰው ቃል እሷን ያሰድባታል። ይሄ ያናድደኛል።

ነገሩ ከሐሜት ያለፈ ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ የተጠለፈችው ልጅ በፈቃዷ ጠላፊዋን ካገባች ሰውዬው ከክስ እንዲድን በር ይከፍት ነበር። የምን ፈቃድ? ተጠልፋ፣ ተደፍራ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰብ «ከእንግዲህ ማን ያገባታል» ብሎ ተጨንቆ የተገኘ «እሺ» ፈቃድ ሊባል አይችልም። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ለጋብቻ የሁለቱንም ነፃ ፈቃድና 18 ዓመት መሙላትን ጠየቀ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 587 ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ይቀጣል። በኋላ ቢያገባትም ከተጠያቂነት አያመልጥም።

ሕጉ እንዲህ ተስተካክሎ ሳለ፣ ዛሬም «ነገሩን በሽምግልና እንጨርሰው» የሚል አይጠፋም። ሽማግሌ ቤት የሚገባው ለአባት ነው፤ ቡና የሚፈላው፣ ቃል የሚሰጠው ከአባት ጋር ነው። ልጅቷ ጓዳ ናት።

እንዲህ ያለ ጠለፋ ሲፈጸም ሽማግሌ ሳይሆን ፖሊስ ይጠራ። በወጉ ለጋብቻ የምትላኩ አባቶች ደግሞ፣ ከአባቷ በፊት ልጅቷን አስጠይቁ። የምታምናት ሴት ለብቻዋ ታነጋግራት። እምቢ ካለች ሁለተኛ ቀጠሮ አይያዝ።