ሺህ ምስክር ያለው ጸጥታ

የጋብቻ በዓላቸውን ጸጥ ባለ የባህር ዳርቻ ለማክበር የሚነሱ ባልና ሚስቶችን ሳላወድስ ባልፍ ህሊናዬ አይለቀኝም። ዓለም በጫጫታ በተናጠችበት በዚህ ዘመን፣ ሁለት ሰዎች ስለ ዝምታ ሲሉ ሦስት ወር ሙሉ መነታረካቸው ያስቀናል። እሱ ያገኘውን ሪዞርት እሷ "ሰው ይበዛበታል" ትለዋለች። እሷ የላከችለትን እሱ "እዚያ ደግሞ ምን አለና!" ይላታል። የሚፈለገው ሰው የሌለበት፣ ነገር ግን ሰው የሚፈልገው ነገር ሁሉ ያለበት ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ከተገኘ ሰው እንዴት ሳይደርስበት ቀረ ብሎ የጠየቀ እስካሁን አልገጠመኝም።

አንባቢ እንዳይደነግጥ፤ ጸጥታ ስል የጸጥታ ኃይሎች የሚያስከብሩትን ማለቴ አይደለም። የዚያኛው ፈላጊ ሌላ ነው። እኔ የማወራው ሰው ዝም የሚልበትን ነው።

ፍለጋው ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ጥንዶቹ ስልካቸው ላይ "ጸጥ ያለ፣ የተሸሸገ፣ ሰው ያልደረሰበት" ብለው ይጽፋሉ። ስልኩም ታዛዥ ነውና ሰው በብዛት የረገጠውን ከላይ ከላይ ደርድሮ ያመጣላቸዋል። ቦታው ከሰው ዓይን የተሰወረ ስለመሆኑ ከሺህ የሚበልጥ ሰው በየቋንቋው መስክሯል። አንዷ ምስክር "እባካችሁ ለማንም እንዳትናገሩ" ብላ አምስት ኮከብና አሥራ ሁለት ፎቶ ለጥፋለች፤ የሚያደርሰውን መንገድም ጨምራለች። ከሥሯ አራት መቶ ሰው ምስጢሩን እንደሚጠብቅ ቃል ገብቷል። ወረድ ሲሉ ደግሞ አንድ የተበሳጨ ሰው ያገኛሉ። "ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ኮሽታ የለም። ሙዚቃ የለም፣ የሚታይ ሰው የለም፣ የሚሰማው ባህሩ ብቻ ነው። በሁለተኛው ቀን ጥለን ወጣን" ይላል፣ በአንድ ኮከብ። ጥንዶቹ ይህን ሲያነቡ በአንድ አፍ "እሰይ፣ ተረፍን!" ይላሉ። ሦስት ወር የደከሙለትን እጃቸው አስገብተውት ነበር፤ ግን አንድ ኮከብ አንድ ኮከብ ነው።

በዚህ መሀል ጥቃቅን ነገር እየጠየቁ የሰው ደስታ የሚያደፈርሱ አሉ፤ እነሱን አልወድም። ዛንዚባር ለመሄድ የተነሳ ሰው ምን በወጣው የባህሩን መሙያና መጉደያ ሰዓት ያጣራል? በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ ውሃው ሲሸሽ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ርቆ ይሄዳል፤ የሚሞላው ከስድስት ሰዓት ግድም በኋላ ነው። "ከአልጋዎ ወርደው ባህር" የተባለላቸው ጥንዶች ከአልጋቸው ሲወርዱ የሚጠብቃቸው እርጥብ አሸዋና የባህር አረም ነው። ባህሩ ወጣ ብሏል። ወደ ካሪቢያን የሚሄደውስ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ሳርጋሰም የሚባል ቡናማ የባህር አረም ዳርቻዎቹን እንደሚወርር፣ ሲበሰብስ እንደ ተበላሸ እንቁላል እንደሚሸት፣ አንዳንድ ሪዞርቶች ገና ሳይነጋ በትራክተር እንደሚያስጠርጉት ማወቁ ምን ይጠቅመዋል? ብሮሹር ላይ ትራክተር አይሰማም።

ማልዲቭስ ግን ለእኛ ተብሎ የተሠራ አገር ነው። የመጀመሪያው ሪዞርት እ.ኤ.አ. በ1972 ከተከፈተ ጀምሮ ልማዱ አንድ ደሴት ለአንድ ሪዞርት ነው፤ ከዚህ በላይ ብቸኝነት የት ይገኛል? ከግንቦት እስከ ጥቅምት ግድም ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ሞንሱን ዝናቡን ይዞ ሲመጣ ዋጋው ይወርዳል። ጥንዶቹም "እድላችን ነው!" ብለው ይከፍላሉ፤ ቅናሽ ደግሞ ከየት መጣህ አይባልም። ዝምታ ወርቅ ነው ሲሉን ለካ ዋጋውን ሲነግሩን ኖሯል። ሩቅ ወዳሉት ደሴቶች የሚያደርሱት በውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች የሚበሩት በቀን ብርሃን ብቻ ስለሆነ፣ አመሻሽ ላይ አገሩ የገባ ሰው የበዓሉን የመጀመሪያ ሌሊት ዋናው አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ያድራል። ሲነጋ በሁለት ሞተር እየተንጓጓ ወደ ጸጥታው ይወሰዳል። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ደግሞ ሌሎች ጸጥታ ፈላጊዎች በአናቱ ላይ እየተንጓጉ ሲመጡ ያዳምጣል።

"ለአዋቂዎች ብቻ" የሚለውን ማስታወቂያ ያወጣውንም ሳላመሰግን አላልፍም። ልጆች ጫጫታ ናቸው ተብለው ቀርተዋል። ልጅ ግን ሲመሽ ይተኛል። ብሉቱዝ ስፒከር ታቅፎ ገንዳ ዳር የሚቀመጠው አዋቂው ነው፤ እሱ አይተኛም።

ፎቶዎቹንም ጥንዶቹ የሚያዩት በእምነት ነው። ሰፋ አድርጎ የሚያነሳ ሌንስ የመታጠቢያ ሳፋ የሚያህለውን ገንዳ ሐይቅ ያደርገዋል። "ባህር በከፊል የሚታይበት" የተባለው ክፍል፣ የገላ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ወጥተው በጠባቧ መስኮት አንገታቸውን ላሰገጉ በእርግጥም በከፊል ይታይበታል። ይህን ሁሉ የሚያውቁት ራሳቸው ሲደርሱ የሚያነሱት እንደዚያው አድርገው ስለሆነ ነው፤ ስለዚህ ማንም አልተታለለም። አስተዋይ ጥንዶች አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ፦ "ዋይፋዩ ባህሩ ድረስ ይደርሳል?" ይደርሳል ከተባሉ ነገሩ አለቀ። የሠርግ አዳራሹ ከክፍላቸው ስንት እርምጃ ነው፣ ጄኔሬተሩ በየት በኩል ቆሟል፣ ባሩ ስንት ሰዓት ይዘጋል፣ ይህ ለነገረኛ ሰው የተተወ ነው።

ይህን ስል ከሩቅ ሆኜ አይደለም። እኔና ባለቤቴም ለአሥረኛ ዓመታችን ሄደናል። የሪዞርቱን ስም አልጠራም፤ ጸጥታው እንዳይደፈርስ። ጎረቤቶቻችን ከእኛ በዕድሜ የሚያንሱ ባልና ሚስት ነበሩ፤ የእነሱም የጋብቻ በዓል ነው። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ቁርሳቸው ገንዳው ላይ ተንሳፍፎ መጣላቸው። ትሪው የልብ ቅርጽ አለው፤ በላዩ ፍራፍሬ፣ ኦምሌት፣ ሁለት ስኒ ቡናና የተበተነ ቀይ አበባ። ሚስት ረጅም ነጭ ቀሚስ ለብሳ ውሃው ውስጥ ገባች። ባል ከዳር ተንበረከከ።

"ወደ ግራ። አይ፣ በእኔ ግራ። ባህሩን እዪ። እኔን እንዳታዪኝ! ሳቂ... እንደሱ አይደለም፣ ጥርስሽ ሳይታይ።"

ስኒውን አነሳች። አልጠጣችም፤ መልሳ አስቀመጠች። እንደገና አነሳች። በሦስተኛው ጊዜ የቡናው እንፋሎት ቀረ። በሰባተኛው ትሪው ወደ አንድ ጎን አዘነበለና ኦምሌቱ ተንሸራትቶ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ትንሽ ተንሳፈፈ፣ ቀስ ብሎ ሰመጠ። በዚያ ሪዞርት አንድ ነገር ድምፅ ሳያሰማ ሲከናወን ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሠራተኛው በመረብ አወጣላቸው። ቆየት ብሎ ምግብ አዳራሹ ውስጥ አየኋቸው፤ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ፎቶ ይመርጣሉ። ማታ ባለቤቴ የሪዞርቱን ስም ኢንስታግራም ላይ ፈልጋ ፎቷቸውን አገኘችው። ከሥሩ "እኔ፣ አንተና ጸጥታ ብቻ" ይላል። (ባለቤቴ ለምን እንደፈለገችው አልጠየቅኳትም። እኛም የለጠፍነው ነበር።) ስንት ላይክ እንዳገኙ አልቆጠርኩም፤ እነሱ ግን ጮክ ብለው ሲቆጥሩ ይሰማል። ግድግዳው ስስ ነው።

ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነስተው የፀሐይ መሞቂያ ወንበር ላይ ፎጣ ጥለው ተመልሰው የሚተኙትንም ረስቼ አይደለም። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ሳይነጋገሩ፣ ባህሩን እያዩ የሚዝናኑት ፎጣዎቹ ናቸው። በዓሉን እንደ ታቀደው ያከበሩ እነሱ ብቻ ይመስሉኛል።

የጸጥታ ፍቅራችን ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ማየት የፈለገ ታይላንድ ይሂድ። ማያ ቤይ የምትባለዋ በገደል የተከበበች ትንሽ ወሽመጥ፣ ሰው ያልደረሰባት ገነት ተብላ በፊልም ከታየች በኋላ፣ ያቺን ገነት ብቻችንን ለማየት በቀን እስከ 5,000 ሆነን ጎረፍን። ባህሩ ሥር የሚኖረው ኮራል አልቻለንም። እ.ኤ.አ. በጁን 2018 ዘጓት፤ ለጎብኚ የተከፈተችው በጃንዋሪ 2022 ነው፣ ያውም በቁጥር ተገድበን። እኛ በሌለንበት ጊዜ የክንፋቸው ጫፍ የጠቆረ ሻርኮች ወደ ወሽመጧ ተመለሱ። ለካ ሻርኮቹም ጸጥ ያለ የባህር ዳርቻ ፈላጊ ኖረዋል፤ የሸሹት ደግሞ እኛን ነው። በዚያው በ2018 ፊሊፒንስ ቦራካይ ደሴትን ከኤፕሪል 26 ጀምሮ ለስድስት ወር ለጎብኚ ዘጋች። የሆቴልና የቤት ፍሳሽ ባህሩ ውስጥ ይገባ ነበርና ፕሬዚዳንት ዱቴርቴ ደሴቲቱን የቆሻሻ ጉድጓድ ብለዋት ነበር። ክፉ ተናጋሪ "አበላሻችኋት" ይለናል። እኔ ግን ለቦራካይ የስድስት ወር ጸጥታ ያስገኘን እኛ መሆናችንን ማን ሊክደን ይችላል እላለሁ።

ፍጹም ዝምታ ለሚሻ ደግሞ ባሊ አለች። ኒየፒ የሚባለው ቀን፣ በደሴቲቱ ሂንዱዎች አቆጣጠር የአዲስ ዓመት መግቢያ፣ ብዙውን ጊዜ በማርች ይውላል። አውሮፕላን ማረፊያው ለ24 ሰዓት ይዘጋል። መንገድ ላይ ሰው አይወጣም፣ መብራት ይጠፋል ወይ ይደበዝዛል፣ የባህር ዳርቻው ባዶውን ይውላል። እንግዳም ቢሆን ከሆቴሉ ግቢ አይወጣም። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔትም በዚያ ቀን እንዲቋረጥ ተደርጓል። ፔቻላንግ የሚባሉ የሠፈር ጠባቂዎች እየዞሩ ዝምታው አለመጣሱን ያያሉ፤ ጸጥታ አስከባሪ የሚለው ስም እንደ ቃሉ የሚሠራበት አገር ይኸው ተገኘ። ጥንዶቻችን ይህን ቀን አያውቁትም እንዳይመስላችሁ። በደንብ ያውቁታል። ቲኬት ከመቁረጣቸው በፊት ካላንደር አውጥተው ያዩና ሁለት ቀን አሳልፈው ይሄዳሉ።

በእኛ ሪዞርት በአራተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩም እምቢ አለ። የባሩ ሙዚቃ መሀል ላይ ተቆረጠ፣ የገንዳው ሞተር ቆመ፣ ዋይፋዩ ሄደ። በየበረንዳው ሰው ስልኩን ወደ ሰማይ እያነሳ ኔትወርክ ይፈልግ ጀመር። ከዚያ ቀስ በቀስ ሁሉም ዝም አለ። ጎረቤታችን ባትሪ ይዞ የሚያልፈውን ጥበቃ ጠራው።

"ወንድም፣ ይሄ ድምፅ ምንድነው?"

"የቱ ጌታዬ?"

"ይሄ... መጣ መጣ ብሎ የሚመለሰው።"

ጥበቃው ባትሪውን ወደ ጨለማው አበራ። "ባህሩ ነው ጌታዬ።"

"ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ነው?"

"ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። ሙዚቃው ሲኖር ነው የማይሰማዎት።"

ጎረቤታችን ትንሽ አሰበ። "ከዚህ ራቅ ያለ ክፍል ይኖራችኋል?"

ባለቤቴ ሳቋን በፎጣ አፈነች። "ምነው ቀድተኸው በነበር!" አለችኝ በሹክሹክታ። ቀድቼዋለሁ። መብራት ሲመጣ ከፍተን አየነው፤ ጨለማ ስለነበር ምስል የለውም፣ የሰውየውም ድምፅ አልገባም። አንድ ደቂቃ ከምናምን ሙሉ የሚሰማው ባህሩ ብቻ ነው። አጠፋሁት።