በረዶ የሌለው ሸርተቴ፣ ከኤድንብራ እስከ ድሬ

ቅዳሜ ጠዋት ልጄን ይዤ ወደ ሂልኤንድ እወጣለሁ። ከኤድንብራ ወጣ እንዳሉ፣ የፔንትላንድ ኮረብታዎች ጎን ላይ ያለ የሸርተቴ ቦታ ነው። የበረዶ ሸርተቴ እንዳልል በረዶ የለውም። ዋናው መውረጃ 400 ሜትር ገደማ ይረዝማል። በአውሮፓውያኑ 1960ዎቹ ተሠርቶ እስከ ዛሬ ልጆችን እያሠለጠነ አለ።

መጀመሪያ ቀን ንጣፉን በእጄ ዳሰስኩት። የልብስ ብሩሽ ነው የሚመስለው። ጠንካራ የፕላስቲክ ጸጉር ወደ ላይ ቆሞ፣ እንደ መረብ ተያይዞ ኮረብታውን ሸፍኖታል። እውነተኛ በረዶ ላይ ስኪው፣ እግር ላይ የሚታሰረው ረጅም ጠፍጣፋ፣ ሲንሸራተት ከሥሩ ስስ ውኃ ይፈጠራል፣ እሱ ያለሰልሰዋል። ብሩሽ ላይ ያ ውኃ የለም። ስለዚህ ይረጩበታል። ሲደርቅ ስኪው ይይዛል፣ ከሥሩም በፍትጊያ ይሞቃል። ለዚህ ነው ሌላው የከተማው ሰው ዝናቡን ሲያማርር እዚያ ያሉት ወላጆች "ዛሬ ጥሩ ይሄዳል" የሚሉት።

ውድቀቱ ግን ይከፋል። በረዶ ላይ የወደቀ ልብሱን አራግፎ ይነሳል። ብሩሽ ላይ የወደቀ ይላጣል። አውራ ጣት በመረቡ ቀዳዳ ገብቶ ሊታጠፍም ይችላል። በዚህ የተነሳ በበጋ ፀሐይም ቢሆን ጓንት፣ ረጅም ሱሪና እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ያስለብሷቸዋል። ልጄ አንድ ቀን ጓንቷን አውልቃ ወጣች። መዳፏ ለመዳን ሳምንት ፈጀበት።

እንዲህ ያለ ቦታ በብሪታኒያ ብዙ ከተማ ውስጥ አለ። ስኮትላንድ ተራራዎቿ ላይ በረዶ ቢጥልም አይታመንም፣ አንዱ ክረምት ይመጣል፣ ሌላው ይቀራል። እንግሊዞቹማ ጭራሹን የላቸውም ማለት ይቻላል። ዴቭ ራይዲንግ የሚባል ሰው ስኪ የተማረው ላንክሻየር ውስጥ፣ ፔንድል በሚባል ቦታ፣ አጭር የብሩሽ ዳገት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ኦስትሪያ ኪትዝቡኸል ላይ፣ ተራራ ሥር ተወልደው ያደጉትን ሁሉ ቀድሞ የዓለም ዋንጫ ውድድር አሸነፈ። በአልፓይን ስኪ ከብሪታኒያ የመጀመሪያው አሸናፊ እሱ ነው። 35 ዓመቱ ነበር። ጄኒ ጆንስም ስኖውቦርድ፣ በአንድ ሰፊ ሰሌዳ ላይ ቆሞ መንሸራተትን፣ የጀመረችው ግሎስተር አጠገብ ባለ ብሩሽ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ሶቺ ኦሎምፒክ ነሐስ አገኘች። እነዚህን ታሪኮች ለልጄ ደጋግሜ እነግራታለሁ።

የእኛንም እነግራታለሁ። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ ላይ በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። አዲስ አበባ ሲሆን ጎማ ያለው ስኪ አስሮ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር።

ባለፈው ታኅሣሥ ለቁልቢ ገብርኤል ገባሁ። ተስለን፣ ተሳልመን፣ በደንገጎ ቁልቁለቱን ወርደን ድሬ ገባን። ሙቀቱ ገና መኪናው ውስጥ ተቀበለን። በነጋታው ከዚራን በእግሬ ስዞር፣ አንድ አሮጌ መጋዘን በር ላይ ልጆች ተሰብስበው አየሁ። ለጭነት የተሠራ ተዳፋት ሲሚንቶ አለ። አንዱ ልጅ ለሁለት የተሰነጠቀ ጀሪካን ላይ ቁጭ ብሏል። ሌላው ሃይላንድ ይዞ ከላይ ውኃ ያፈሳል። ሲሚንቶው እንደረጠበ ጀሪካኑ ተፈትልኮ ወረደ!

እግሬ ቆመ። ሂልኤንድ ማለት ይሄው አይደል? ተዳፋቱ አለ፣ ፕላስቲኩ አለ፣ ውኃው አለ።

"ውኃው ለምንድነው?" አልኩት።

"አቦ ጋሼ፣ ደረቁ ይይዛላ! ደሞ ያቃጥላል።"

ማንም አላስተማረውም። ስልኬን አውጥቼ የልጄን ቪዲዮ አሳየሁት። "በረዶው የታል?" አለኝ። የለም፣ ብሩሽ ነው አልኩት። "ብሩሽ!" ብሎ ጓደኞቹን ጠራ። ሁሉም ስልኩ ላይ ተደፉ። ክርናቸውን አየሁት፤ የሁሉም ተልጧል። እንደ ልጄ መዳፍ።

ወዲያው ዘበኛው መጥቶ በተናቸው። ሰውዬውን አልወቅስም። መኪና የሚገባበት በር ነው፣ አንዱ ቢጎዳ የሚጠየቀው እሱ ነው። ያመመኝ ሌላ ነው። ልጆቹ የሚሄዱበት የለም። በእኛ ጊዜ የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ አሸዋው ሜዳችን ነበር። ኳሱም፣ ትግሉም እዚያው ነው። ግን ክረምት ያስፈራል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ስንቱን ሰው እንደወሰደ ድሬ አይረሳውም። ኩሽኔታ የሚነዳውም ልጅ ከባጃጅ ጋር እየተጋፋ ነው።

ድሬ ላይ የስኪ ዳገት ይሠራ እያልኩ አይደለም። ውኃ በሚቸገር ከተማ ብሩሽ ማጠጣት አይታሰብም። እዚህ ኤድንብራም ቢሆን ስኪ የደሃ ልጅ ጨዋታ አይደለም፣ ዋጋው ይከብዳል። እኔን የሚያስቀናኝ ብሩሹ ሳይሆን ሰው ነው። ፔንድልን የመሰሉ ክለቦች የቆሙት ቅዳሜያቸውን በሚሰጡ ወላጆች ነው። አንዱ ያስተምራል፣ አንዱ የተነቀለ ንጣፍ ይጠግናል፣ አንዱ ሻይ ያፈላል። ድሬ ደግሞ ሰው አያጣም። ለቅሶ ላይ ድንኳን በስንት ደቂቃ እንደሚተከል የሚያውቅ ሰፈር፣ እሁድ ጠዋት አንድ ተዳፋት መንገድ ለሁለት ሰዓት ዘግቶ ለልጆች መልቀቅ አያቅተውም። "መንገድ ለሰው" ተብሎ በየከተማው ጎዳና ሲዘጋ አይተናል። አንድ አዋቂ ላይ፣ አንድ አዋቂ ታች ይቁም። ያረጀ ጎማ ጠርዙ ላይ ይደርደር። አብሮ አደጌ የስፖርት መምህር ነው፣ ይህን ስነግረው "አንተ መንገዱን አስዘጋ እንጂ ልጆቹን ለኔ ተዋቸው" አለኝ። ቃሉን ይዣለሁ። ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር በስልክ መነጋገር ጀምረናል።

ልጄ ደግሞ የጠበቧትን ጓንቶች እየሰበሰበች ነው፣ የክለብ ጓደኞቿንም አስተባብራለች። እስካሁን 14 ጥንድ ሆኗል። እናቴ በስልክ ስትሰማ ደነገጠች።

"ለድሬ ሙቀት ጓንት? ምን ነካህ ልጄ?"

"ለብርድ አይደለም እማ። ሲሚንቶው ይልጣቸዋል።"