ውሻው አብዶ ነበር ወይ?

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ አንድ የቅመማ ቅመም ሱቅ በር ላይ ቡና እየተጠጣ የተደረገ ክርክር ነው። የባህል መድኃኒት የሚሰጡ አዛውንት፣ ጡረታ የወጡ ነርስ፣ ባለሱቁና አንድ ገበሬ ነበሩ። የገበሬውን የ7 ዓመት ልጅ ከትናንት ወዲያ ውሻ ባቷን ነክሷታል።

«አባባ፣ ሥሩን ይስጡኝና ልሂድ» አለ ገበሬው።

«እሰጥሃለሁ። ሦስት ጠዋት በባዶ ሆዷ በወተት ትጠጣለች። 40 ቀን ወንዝ እንዳትሻገር። መርፌም እንዳታስነካት፤ መርፌና ሥር አይስማሙም።»

ነርሷ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «የሰውዬው ቤት ቦርከና ማዶ ነው። ወንዝ አትሻገር ማለትዎ ደሴ መጥታ አትወጋ ማለት ነው'ኮ!»

«አትወጋ! የበግ አንጎል ነው የሚወጓት፤ ያውም ሆዷ ላይ። በዚያ መርፌ ሽባ የሆነ ሰው አለ።»

እዚህ ላይ አዛውንቱ ከመሬት ተነስተው አልተናገሩም። በአገራችን ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ የኖረው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በእርግጥም ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ ነበር። ሆድ ላይ፣ በየቀኑ፣ ከ14 ቀን ላላነሰ ጊዜ ይወጋ ነበር። የአንጎል ሥጋ ስላለበት አልፎ አልፎ የሰውየውን የራሱን ነርቭ የሚያስቆጣ ጠንቅ ያመጣ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲቀር የመከረውም ለዚህ ነው። ነርሷ ይህን አልካዱም። «አሁን የሚመከረው ሌላ ነው» አሉ። «አንጎል የለበትም። አራት ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው ዕለት፣ በ3ኛው ቀን፣ በ7ኛው፣ ከዚያ ከ14ኛው እስከ 28ኛው ባለው። ክንድ ላይ ነው፤ ለጨቅላ ጭን ላይ። መቀመጫ ላይ ከተወጋ ግን በደንብ አይሠራም።»

«እኔ ስንቱን አጠጥቻለሁ፤ አንድም ሰው አልሞተብኝም» አሉ አዛውንቱ።

«ወላሂ እውነታቸውን ነው፤ አንድም አልሰማሁም» አለ ባለሱቁ።

የክርክሩ ሁሉ ቋጠሮ ያለው እዚህ ነው። አዛውንቱ አልዋሹም፤ ቆጠራው ነው የተሳሳተው። ከሚነክሱ ውሾች ብዙዎቹ አላበዱም፤ ፈርተው፣ ተረግጠው ወይም ቡችሎቻቸውን ሲጠብቁ የነከሱ ናቸው። ያበደው ውሻ የነከሰውም ሁሉ አይታመምም፤ ለሃጩን ልብስ ሊጠርገው ይችላል። በዚያ ላይ በሽታው ቶሎ አይነሳም። ቫይረሱ ነርቭ ተከትሎ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጃል፣ ከሳምንት እስከ ዓመት የሚደርስበትም አለ። በሽተኛው ውሃ ሲያይ ጉሮሮው ሲተናነቅ ቤተሰቡ ወደ ሥሩ ባለቤት አይመለስም፤ ወይ ጸበል ይወስደዋል፣ ወይ ሐኪም ቤት። ምልክቱ ከታየ ደግሞ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ያ ሞት አዛውንቱ ዘንድ አይደርስም፣ አይቆጠርባቸውምም።

«ታዲያ ውሻው ማበዱ በምን ይታወቃል?» አለ ባለሱቁ።

«አስሮ 10 ቀን መጠበቅ ነው» አሉ ነርሷ። «ከነከሰበት ቀን ጀምሮ 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ ሲነክስ ለሃጩ ውስጥ በሽታው አልነበረም፤ ክትባቱ ይቋረጣል። ክትባቱ ግን በመጀመሪያው ቀን ይጀመራል እንጂ 10 ቀኑ እስኪሞላ አይጠበቅም። ውሻው የት አለ?»

«ሰፈርተኛው ቀጥቅጦ ገደለው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው መጨረስ አለባት። ቁስሉንስ ምን አደረጋችሁት?»

«በርበሬ ነሰነስንበት።»

ነርሷ ራሳቸውን ያዙ። በርበሬ ሥጋውን ያቆስላል እንጂ ቫይረሱን አይነካም። የሚገድለው ሳሙና ነው፤ የቫይረሱ ልባስ ስብ አለበት፣ ሳሙናም ስቡን ያፈርሰዋል። 15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ፤ ቢዘገይም ይታጠባል። እንዲህ ደም ያወጣ ንክሻ ከክትባቱ ሌላ ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን የሚወጋ ኢሚዩኖግሎቡሊን (ቫይረሱን ወዲያው የሚያከሽፍ የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል) ይፈልጋል፤ እሱ ግን እንደልብ አይገኝም።

አዛውንቱ መሸነፍ ሲመጣባቸው ወሬውን ወደ ሌላ ወሰዱት፤ ክትባት ሁሉ ሴቶችን ለማምከን የመጣ የፈረንጅ ተንኮል ሆነ። «ፈንጣጣ ካለበት ሰው መግል ወስደው የጤነኛውን ክንድ በጥተው ይከትቡ የነበሩት ማን ነበሩ? የእርስዎ ሙያ አባቶች አይደሉም?» አሉ ነርሷ። ይህም እውነት ነው። የዚያ ጉድለት መግሉ ሕያው ፈንጣጣ መሆኑ ነበር፤ የተከተበው ሰው ጎረቤቱን ያስይዛል። ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው እ.ኤ.አ. በ1976፣ ያንን ፈንጣጣ በማያስተላልፍ ክትባት በተካው ዘመቻ ነው። አዛውንቱ ለዚህ መልስ አልሰጡም።

ለእኔ በነገሩ ልክ የነበሩት ነርሷ ናቸው። በአነጋገር ግን ገበሬውን ሊያጡት ትንሽ ቀርቷቸው ነበር፤ ስለ ወንዙ ሲያላግጡ ሰውየው ወደ አዛውንቱ ጠጋ ብሏል። መርፌ ፍለጋ ሄዶ «አልቋል፣ ከውጭ ግዛ» የተባለ ሰው እሑድም በራቸው ክፍት የሆነ ሽማግሌ ቢያምን አይፈረድበትም። አዛውንቱን አጭበርባሪ ማለትም ያስቸግረኛል። እኔን የሚያስፈራኝ ከሥሩ ይልቅ «መርፌና ሥር አይስማሙም» የምትለዋ ቃል ናት። ሥሩንም ቢሆን ለ7 ዓመት ልጅ አልሰጥም፤ ለዚህ በሽታ ከሚጠጡት መካከል እንዶድን የመሰሉ አሉ፣ እንዶድ ደግሞ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፤ በሕፃን ሆድ መጠኑን የለካው የለም። አዛውንቱን የምለምናቸው ሁለት ነገር ነው፤ የመጣላቸውን ሰው መጀመሪያ ቁስሉን በሳሙና ያሳጥቡት፣ ከዚያ በዚያው ቀን ወደ መርፌው ይላኩት። የወንዙንም ክልከላ ለመርፌ ለሚሄድ ሰው ያንሡለት፤ እሳቸው ካነሡት ገበሬው ይሻገራል።