አንድ ክራር፣ አንድ ድምፅ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በምትገኝ ጠባብ ቤት ውስጥ በቅርቡ ያዳመጥሁት ወጣት ድምፃዊ ከመዝፈኑ በፊት ክራሩን ረዘም ላለ ጊዜ ይቃኝ ነበር። በቀንበሩ ላይ የተጠመጠመውን ጨርቅ በአውራ ጣቱ ገፋ እያደረገ፣ ጆሮውን ወደ ገበቴው አዘንብሎ ስድስቱን ክሮች እስኪያስማማ ድረስ ታዳሚው በዝምታ ጠበቀው። ማይክሮፎን አልነበረም።

ይህ ወጣት ሥራ የጀመረው በማሲንቆ ነው። በየሠርጉና በየአዝማሪ ቤቱ «ተቀበል!» እየተባለ፣ እንግዳው የወረወረለትን ግጥም ሳይውል ሳያድር በዜማ እየመለሰ አድጓል። ግጥምን ከምት ጋር በቅጽበት ማዋሐድን የሚያስተምር ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ሆኖም የሰው ግጥም ሲቀበል የኖረው ልጅ የራሱን ቃል መግጠም ሲጀምር ድምፁ እየቀነሰ፣ እጁም እየረጋ መጣ፤ ወደ ክራር ተሻግሮ ክሮቹን በጣቶቹ አንድ በአንድ መነካካት የመረጠው ቃሉ እንዲሰማለት ነው ብዬ አምናለሁ።

የአማርኛ ግጥም ኅብረ ቃል፣ ማለትም ሁለት ትርጉም የሚሸከመው ቃል፣ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በመጥበቅና በመላላት ላይ ነው። «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ ደግሞ «ይገኛል» ማለት ነው። ወጣቱ በዚያ ምሽት አባቱን ሲያነሣ «አባቴ አለ» የሚለውን መጀመሪያ አላልቶ፣ በድጋሚው ክራሩን ዝም አሰኝቶ አጥብቆ ዘፈነው። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

ይህንኑ ዘፈን በአንድ የበዓል መድረክ ላይ በኪቦርድና በኤኮ ታጅቦ ሰምቼዋለሁ፤ የላላውና የጠበቀው ተደባልቆ ሁለቱ «አለ»ዎች አንድ ሆነው ቀሩ። ሕዝቡ እስክስታ መውረድ ይፈልጋል የሚሉኝ አዘጋጆች አልተሳሳቱም፣ ለእስክስታው የሚሆን ዘፈን ግን ሞልቷል። አስናቀች ወርቁና ካሳ ተሰማ በክራራቸው የአድማጭን ልብ ያገኙት ድምፅ በማብዛት አልነበረም። ጥያቄዬም ትንሽ ነው፦ በሚቀጥለው በዓል ለዚህ ልጅ አንድ ወንበርና አንድ ማይክሮፎን ይሰጠው፣ ኤኮው ይጥፋ፣ ኪቦርዱም ተራውን ይጠብቅ።