ልጁን ደጅ አስቀምጣችሁ ስለሱ አትሸምግሉ

ኧረ የደብረ ብርሃን ሰዎች፣ ተቆጡኝ ግን ስሙኝ፣ እኔም አለሁበት። ሰፈራችን አንድ የ13 አመት ልጅ ከሱቅ ሞባይል አንስቶ ተያዘ። በጥፊ አጮልነው፣ ገሚሱ ቪዲዮ ይቀርጻል ገሚሱ እሰሩት ይላል፣ ማታ ደግሞ ሽማግሌ ተቀመጠ። ጋቢያችንን ተከናንበን ጠላ እየተቀዳልን አባትየው ካሰ፣ ባለሱቁ ይቅር አለ፣ አለቀ። ልጁስ? በዛ ብርድ ደጅ መደብ ላይ ቁጭ ብሎ ስሙ ሲነሳ ሲጣል ይሰማል። ግባና አንተስ ምን ትላለህ ያለው የለም፣ እኔም አላልኩም።

ወይ እንደበድባለን ወይ እንሸፋፍናለን። እሰሩት ባዮች ደግሞ፣ የ1996ቱ የወንጀል ህግ እኮ ከ9 እስከ 15 አመት ያለን ልጅ ከአዋቂ ወንጀለኛ ጋር አታስሩ ይላል።

አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ኦዴሳ የምትባል ከተማ በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣቶች ፍርድ ቤት ጀምራ ነበር፣ አሁን በብዙ ከተማ አለ። ቀላል ጥፋት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰራ ልጅ አጥፍቻለሁ ብሎ ካመነ እኩዮቹ ፊት ይቀርባል፣ ጠበቃውም ፈራጆቹም ተማሪዎች ናቸው፣ ብዙ ጊዜ ዳኛው ብቻ ነው አዋቂ። ፍርዱ እስር አይደለም፣ ይሄን ያህል ሰአት ለሰፈሩ ስራ፣ ለበደልከው ሰው የይቅርታ ደብዳቤ ጻፍ ነው፣ ደስ ያለኝ ደግሞ በኋላ እሱ ራሱ ተመልሶ ሌላው ልጅ ላይ ፈራጅ ሆኖ የሚቀመጥበት መኖሩ።

የፈረንጅ ነገር እንዳትሉኝ ብቻ። በላ ልበልሃ እያለ የሚሟገተው፣ መንገደኛ አስቁሞ ዳኘን የሚለው የማን አያት ነበር? እኔ ራሴ መንዝ በግ ስጠብቅ በጎቹን ገብስ ውስጥ የለቀቀ ልጅ ካለ እኛው እረኞቹ ሳር ላይ ተቀምጠን ነበር የምንፈርድበት፣ ቅጣቱም የሁላችንን በግ እስኪመሽ ብቻውን መመለስ። እያለቀሰ ይመልሳል፣ ግን አኩርፎ አይቀርም፣ ምክንያቱም ነገ ጥፋቱ የኔ ሲሆን ፈራጁ እሱ ነው።

ደም ያለበትን ነገር አላልኩም፣ እሱ የፖሊስ ነው። ለሞባይሉ፣ ለተሰበረው መስኮት ግን የየትምህርት ቤቱ ክበብ አንድ ክላስ ከፍቶ፣ መምህርና ወላጅ ጥግ ይዞ ዝም ብሎ ቢያዳምጥ ምን ይጎዳል? ዝም ማለቱ ነው የሚከብደን።

ልጁን ሰሞኑን መንገድ ላይ አገኘሁት፣ አንገቱን ደፍቶ አለፈኝ። ባለሱቁን እስካሁን አላናገረውም። ቪዲዮው ግን ዛሬም ስልካችሁ ላይ አለ፣ ቢያንስ እሱን አጥፉ።